የደም ዕዳና የትውልድ ጥያቄ በቻይና የሰይፈኞች ልብ ወለድ

፩

ስለ አንድ ሕዝብ ኑሮና ልማድ የሚመራመር ሰው፣ ያ ሕዝብ ደስ ብሎት የሚያነበውን ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። የሚፈልገው የጋብቻን ሥርዓት፣ የርስትን ሕግ፣ የለቅሶንና የቀብርን ወግ ነው፤ በመንገድ ዳር በርካሽ የሚሸጠው መጽሐፍ ግን የሥራ ፈት መጫወቻ ይመስለዋል። የዚህ ተቃራኒ የሆነ ስሕተትም አለ፤ ይኸውም ልብ ወለዱን እንደ ታሪክ ምስክር ቈጥሮ፣ በውስጡ የተጻፈውን ሁሉ የጥንት ሰዎች ኑሮ አድርጎ መቀበል ነው። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ ስሕተቶች መካከል የሚያልፈውን መንገድ ለመፈለግ የታሰበ ነው። የምንመረምረውም ታሪኩ በጥንታዊት ቻይና የሚፈጸመውን፣ ቻይናውያን «ዉሺያ» የሚሉትን የሰይፈኞች ልብ ወለድ፣ በተለይም የዚህ ዐይነት ድርሰት አውራ የሚባለው ጂን ዮንግ የጻፋቸውን ሦስት መጻሕፍት ነው።

የምናቀርበው አሳብ በአጭሩ ይህ ነው። እነዚህ መጻሕፍት የታወቁት በሰይፍ ውጊያ ቢሆንም፣ ዋናው ጉዳያቸው ሰይፍ አይደለም፤ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። አንደኛው፣ የፈሰሰ ደም ከማን ይጠየቃል? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሰው የማን ወገን ነው፣ የወለደው ወይስ ያሳደገው? የሚል ነው። ከመጻሕፍቱ የተሻለው ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ አያይዞ፣ ማንነቱንና የሆነውን ነገር በትክክል የማያውቅ ሰው ደምን በትክክል ሊመልስ እንደማይችል ያሳያል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢው እንዲያስተውል እናሳስባለን።

፪

«ዉ» የጦር ሥራ ወይም የትግል ጥበብ ማለት ነው። «ሺያ» የሚለውን ግን በአማርኛ በአንድ ቃል ለመመለስ አስቸጋሪ ነው። ጀግና እንዳንለው፣ ጀግና በጠላት ፊት በጦር ሜዳ የተፈተነ ሰው ነው፤ ሺያ ግን ጦር ሜዳ ሳይወጣ ዕድሜውን ሊፈጽም ይችላል። ሽፍታ እንዳንለው፣ በእርግጥ ሺያም እንደ ሽፍታ ከሕግ ውጭ ይቆማል፤ ነገር ግን ሽፍታ ዱር የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ላይ ስለ ደረሰው በደል ሲሆን፣ ሺያ የሚነሣው በማያውቀው ሰው ላይ ስለ ደረሰው በደል ነው። ጨዋ እንዳንለው፣ ቃሉን መጠበቁን እናገኛለን፤ ይሁን እንጂ ጨዋነት በእኛ ዘንድ ከትውልድ ጋር ሲቈጠር የኖረ ነገር ሲሆን፣ ሺያ ግን ከሥጋ ሻጭም ከለማኝም መካከል ይወጣል። ስለዚህ «ሰይፈኛ» የሚለውን ቃል የምንጠቀመው ለአነጋገር ምቾት ሲባል ብቻ ነው። የጥንቱ ሺያ የሚታወቀው በሰይፉ ሳይሆን፣ ከአፉ የወጣውን ቃል በመፈጸሙ ነበርና።

ሰይፈኞቹ የሚኖሩበት ዓለም «ጂያንግሁ» ይባላል፤ ትርጓሜውም ወንዞችና ሐይቆች ማለት ነው። ይህ በካርታ ላይ የሚገኝ አገር አይደለም። የመንገደኛ ማረፊያው፣ የጀልባ መሻገሪያው፣ በተራራ ላይ ያለው ገዳም፣ የለማኞች ማኅበር የሚሰበሰብበት ጫካ፣ ይህ ሁሉ ጂያንግሁ ነው። ዳኛ የለውም፤ ሥርዓት ግን አለው። የሥርዓቱም መሠረት ዝምድና ነው፤ ነገር ግን ዝምድናው የሥጋ አይደለም። መምህሩ «ሺፉ» ሲባል፣ በቃሉ ውስጥ አባት የሚለው ትርጉም አለበት። በአንድ መምህር ሥር የተማሩት ታላቅ ወንድም፣ ታናሽ እኅት እየተባባሉ ይጠራራሉ። ከዚህም ሌላ በመሐላ ወንድማማች የሚሆኑ አሉ። ስለዚህ መምህሩ የተገደለበት ተማሪ፣ ደሙን የመመለስ ግዴታ እንደ ልጅ ሆኖ ይወድቅበታል።

የታሪክ ሊቁ ያንግ ልየንሸንግ በ1957 ባወጣው የታወቀ ጥናት እንዳመለከተው፣ «ባው» የሚለው አንድ የቻይንኛ ቃል ውለታ መክፈልንም ብድር በበቀል መመለስንም አጠቃሎ ይይዛል። የአማርኛ ተናጋሪ በዚህ አይደነቅም፤ እኛም በአንድ ግስ ውለታም እንመልሳለን፣ ደምም እንመልሳለንና። ይህን ቃል የያዘ አንባቢ የሰይፈኞቹን ልብ ወለድ በር የሚከፍት ቁልፍ በእጁ እንዳለ ይወቅ።

፫

የሺያና የሕግ ጠብ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የኖረው ፈላስፋ ሀን ፈይ፣ መንግሥትን እንደ ተባይ የሚጐዱትን አምስት ወገኖች ሲቈጥር፣ ሰይፍ ታጥቀው በገዛ ስማቸው የሚኖሩትን ከመካከላቸው አስገብቷቸዋል። ለእርሱ የግል ውለታና የመንግሥት ሕግ በአንድ አገር አብረው ሊኖሩ አይችሉም። ከእርሱ ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ የጻፈው ሲማ ቺየን ግን፣ በታላቁ የታሪክ መጽሐፉ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ስላከበራቸው ሰው ሲሉ ነገሥታትንና መኳንንትን ለመግደል ለተነሡት ሰዎች፣ አንድ ምዕራፍ ደግሞ ለሺያዎች ሰጠ። ሲማ ቺየን ራሱ፣ በጠላት የተማረከውን የጦር አለቃ ሊ ሊንግን በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ስለ ተከላከለ ተፈርዶበት የተሰለበ ሰው ነው። በጭንቅ ቀን ስለ ሌላ ሰው የሚነሣ ሰው ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ ከመጽሐፍ የተማረው አልነበረም።

በዚሁ ምዕራፍ ውስጥ ጉዎ ጂየ የተባለ ሰው ታሪክ ይገኛል። ቁመቱ አጭር ነበር፣ መጠጥም አይጠጣም ነበር። የእኅቱ ልጅ በአጎቱ ስም ተመክቶ አንድን ሰው ከዐቅሙ በላይ እንዲጠጣ አስገደደው፤ ሰውየውም ተቈጥቶ ገደለውና ሸሸ። እኅቲቱ ወንድሟን ለማሳፈር የልጇን ሬሳ ሳትቀብር በመንገድ ላይ ተወችው። ጉዎ ጂየ ገዳዩ ያለበትን በምሥጢር አስፈለገ፤ ገዳዩም ሌላ መንገድ ቢያጣ ራሱ ቀርቦ የሆነውን ሁሉ እንደ ሆነው ነገረው። ጉዎ ጂየም ነገሩን ሰምቶ፣ ጥፋቱ የእኅቱ ልጅ እንደ ሆነ ፈረደ፤ ገዳዩን አሰናብቶ ሬሳውን ቀበረ። ኋላ ግን አንድ ምሁር ጉዎ ጂየን ቢነቅፍ፣ ከወዳጆቹ አንዱ ምሁሩን ገድሎ ምላሱን ቈረጠ። ጉዎ ጂየ አላዘዘም፤ ገዳዩ ማን እንደ ሆነም አላወቀም። ጉዳዩን የመረመሩት ሹማምንት ጥፋት የለበትም ቢሉም፣ ባለሥልጣኑ ጎንግሱን ሆንግ፣ ሳያውቅ በስሙ ሰው መገደሉ አውቆ ከመግደል የከፋ ነው ብሎ ተከራከረ። ጉዎ ጂየም ከነቤተ ሰቡ በሞት ተቀጣ።

ከዚህ አጭር ታሪክ ሁለት ነገር እንይዛለን፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናልና። አንደኛ፣ ጉዎ ጂየ ደም ከመመለሱ በፊት ነገሩን ሰማ። ሁለተኛ፣ መንግሥት የፈራው ሰይፉን ሳይሆን ስሙን ነበር።

፬

ከሲማ ቺየን ጀምሮ ሺያ በቻይና ድርሰት ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። በታንግ መንግሥት ዘመን፣ በተለይ በ9ኛው መቶ ዓመት፣ እንደ ኒየ ዪንንያንግ ያሉ ሴት ሰይፈኞች የሚታዩባቸው አጫጭር ተረኮች ተጻፉ። በሚንግ ዘመን የተስፋፋው፣ በተለምዶ ሺ ናይአን ጻፈው የሚባለው «የውኃ ዳርቻ» ደግሞ፣ በልያንግ ተራራ ረግረግ የሸፈቱትን 108 ሰዎች ታሪክ ይተርካል። እነዚህ ሰዎች በመጨረሻ የንጉሠ ነገሥቱን ምሕረት ተቀብለው ለዙፋኑ ሲዋጉ አብዛኞቹ ያልቃሉ። በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐያሲ ጂን ሸንግታን ግን ይህን የመጨረሻ ክፍል ቈርጦ በ70 ምዕራፍ አቆመው። ከሸፈቱ በኋላ መግባት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር በመጽሐፉ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በመጽሐፉ አካል ላይም ተካሄደ ማለት ነው። በ1879 የታተመው «ሦስቱ ጀግኖችና አምስቱ ሰይፈኞች» ሌላ መፍትሔ አቀረበ፤ ሰይፈኞቹን በእውነተኛው ዳኛ በባው ሥር አሰልፎ የሕግ አገልጋዮች አደረጋቸው።

በ20ኛው መቶ ዓመት ነገሩ ወደ ጋዜጣና ወደ ሲኒማ ገባ። ሺያንግ ካይራን ከ1923 ጀምሮ የጻፋቸው ታሪኮች ብዙ አንባቢ አገኙ፤ ከእነርሱም አንዱ በ1928 ፊልም ሆኖ በሻንጋይ እጅግ ተወደደ። የናንጂንግ መንግሥት በ1930ዎቹ መጀመሪያ እንዲህ ያሉትን ፊልሞች አጉል እምነት ያስፋፋሉ ብሎ ከለከለ። ከ1949 በኋላም የቻይና ሕዝባዊ ሪፑብሊክ ይህን ዐይነት ድርሰት ለብዙ ዓመታት አላሳተመም፤ በታይዋን ያለው መንግሥትም የጂን ዮንግን መጻሕፍት እስከ 1979 ድረስ ከልክሎ ነበር። እርስ በርሳቸው ጠላት የሆኑ መንግሥታት በአንድ የመዝናኛ ድርሰት ላይ መስማማታቸው፣ ሀን ፈይ የጀመረው ፍርሃት እንዳልጠፋ ያሳያል።

፭

አዲሱ የሰይፈኞች ልብ ወለድ የተወለደው በሆንግ ኮንግ ነው። በጥር 1954 ሁለት የትግል መምህራን በማካው በሕዝብ ፊት ተጋጠሙ። ውጊያው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቈይቶ ያለ አሸናፊ ተፈጸመ፤ ወሬው ግን ከተማውን አናወጠው። «ሺን ዋን ባው» የተባለው የማታ ጋዜጣ ይህን አይቶ፣ በዚያው ሳምንት በልያንግ ዩሸንግ የተጻፈ የሰይፈኞች ታሪክ በተከታታይ ማውጣት ጀመረ። በየካቲት 1955 ደግሞ ባልደረባው ጃ ልያንግዮንግ፣ ጂን ዮንግ በሚል የብዕር ስም የመጀመሪያ መጽሐፉን በዚያው ጋዜጣ ጀመረ። ጂን ዮንግ በ1924 በጀጂያንግ ግዛት በሃይኒንግ ተወለደ፤ በ1959 «ሚንግ ባው» የተባለውን ጋዜጣ መሠረተ፤ እስከ 1972 ድረስ ልብ ወለዶቹን ጽፎ ጨረሰ፤ ከዚያም ለዓመታት ሲያርማቸው ኖሮ በ2018 ዐረፈ።

የእነዚህን ታሪኮች የመጀመሪያ አንባቢዎች ማወቅ ያስፈልጋል። የሆንግ ኮንግ ሕዝብ በ1945 ከ600 ሺህ ገደማ ተነሥቶ፣ በ1950 ከ2 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ብዙዎቹ ከየአውራጃቸው ተሰደው የመጡ ናቸው። ይህ ጸሐፊ በውጭ አገር ትምህርት ላይ በነበረ ጊዜ፣ ከዚያች ከተማ የመጣ አንድ የትምህርት ባልንጀራ ነበረው። አያቱ በ1949 ከትውልድ አገራቸው ወጥተው ተመልሰው አላዩዋትም። ጋዜጣ በመጣ ቍጥር መጀመሪያ የሚገልጡት የሰይፈኞቹን ገጽ እንደ ነበር፣ ዜናው ከተዉት አገር የሚመጣ ስለ ሆነ ቶሎ ሊያነቡት እንደማይወዱ ይነግረን ነበር። ጂን ዮንግ ራሱም ከዚህ ዕጣ አልዳነም፤ በመሬት ማከፋፈሉ ዘመን፣ በ1951፣ አባቱ በትውልድ አገሩ በሞት ተቀጥቷል። መጻሕፍቱን ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር መተርጐም የሐያሲ ስንፍና ነው። ሆኖም ስለ አባት ደም በየቀኑ የሚጽፍ ሰው ነገሩን ከሩቅ አይቶ ብቻ እንዳልጻፈው ማሰብ ይገባል።

፮

ወደ ዋናው ምርመራ ከመግባታችን በፊት፣ እነዚህ መጻሕፍት የምን ምስክር እንዳልሆኑ እንናገር። የሻውሊን ገዳም በ495 ተመሠረተ። በ728 የቆመ የድንጋይ ጽሑፍም መነኮሳቱ በ621 በጦርነት ሊ ሺሚንን እንደ ረዱ ይመሰክራል። ነገር ግን ሜይር ሻሃር በ2008 ባወጣው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ ገዳሙ ዛሬ የሚታወቅበት የባዶ እጅ ትግል የተስፋፋው በሚንግ መንግሥት መጨረሻና ከዚያ በኋላ ነው። የልብ ወለዶቹ ሰዎች ግን በ11ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት በዚህ ጥበብ ሲራቀቁ እናያቸዋለን። እንግዲህ የሶንግን ዘመን ትግል ከጂን ዮንግ የሚማር ተማሪ አምስት መቶ ዓመት ይስታል። ከዚህም በላይ፣ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ የሚያርስ ገበሬ እምብዛም አይታይም። ሰይፈኞቹ በየማረፊያው ብር እያወጡ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፤ ብሩ ከየት እንደ መጣ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም።

ምስክርነታቸው ስለ ሌላ ነገር ነው። ደራሲው በቀድሞ ዘመን ልብስ አልብሶ የሚያቀርበው፣ አንባቢዎቹ በራሳቸው ዘመን መልስ ያጡለትን ጥያቄ ነው።

፯

ከ1957 እስከ 1959 የወጣው «የንስር ነዳፊ ጀግኖች ታሪክ» የሚጀምረው በሁለት ያልተወለዱ ልጆች ነው። አባቶቻቸው በመሐላ የተሳሰሩ ቻይናውያን ሲሆኑ፣ በጥቃት ቤታቸው ፈረሰ። በ1127 የሶንግ መንግሥት ሰሜኑን ለጁርቸኖች ያጣበትን ውርደት እንዳይረሱ፣ የዚያ ዘመን ስም ተከፍሎ ለሁለቱ ልጆች ተሰጠ፤ አንዱ ጉዎ ጂንግ፣ ሁለተኛው ያንግ ካንግ ተባለ። ጉዎ ጂንግ በሞንጎል ምድረ በዳ በጄንጊስ ካን ሠፈር አደገ። ያንግ ካንግ ደግሞ እናቱን ባገባው በጁርቸኑ ልዑል ቤት እንደ ልዑል ልጅ አደገ። ሁለቱም ትውልዳቸውን ሲያውቁ፣ ጉዎ ጂንግ ያሳደገውን ካን ትቶ የሶንግን አገር ለመጠበቅ ተሰለፈ። ያንግ ካንግ ግን ያሳደገውን ልዑልና ክብሩን መተው አቃተው፤ በክፉም አሟሟት ሞተ።

መጽሐፉ ለዚህ ጉዳይ የሚሰጠው ፍርድ ግልጽ ነው፤ ደም ከእንጀራ ይበልጣል። ለስደተኛ አንባቢ ይህ ፍርድ እንዴት ልብ እንደሚያሞቅ መገመት አያዳግትም። ነገር ግን ስንመረምረው ሚዛኑ እኩል አይደለም። ደራሲው ያንግ ካንግን ከዳተኛ ብቻ ሳይሆን ሐሰተኛና ነፍሰ ገዳይም አድርጎታል። ስለዚህ አንባቢው የሚጠላው አሳዳጊ አባቱን በመውደዱ ይሁን በሌላው ክፋቱ፣ ለይቶ ለማወቅ አይችልም። እውነተኛ ጥያቄ ቢሆን ኖሮ፣ ያሳደገውን የሚወደው ልጅ ደግ ሰው በሆነ ነበር። በመጨረሻው ምዕራፍ ጉዎ ጂንግ ከጄንጊስ ካን ጋር ሲነጋገር፣ ጀግና የሚባለው ብዙ የገደለ ሳይሆን ለሕዝብ የጠቀመ መሆኑን ይነግረዋል፤ ይህ ክፍል ከመጽሐፉ ሁሉ የበለጠ ነው። ዳሩ ግን ጥያቄው ገና አልተፈታም።

፰

ከ1963 እስከ 1966 የወጣው «ከፊል አማልክትና ከፊል አጋንንት» ይህንኑ ነገር ገልብጦ ያቀርባል። ዘመኑ የ11ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው፤ በስተደቡብ የሶንግ መንግሥት፣ በስተሰሜን የኪታኖች የልያው መንግሥት አሉ። ቺያው ፈንግ የለማኞች ማኅበር አለቃ ነው፤ በሻውሊን ተራራ ሥር በድኻ ገበሬዎች ቤት ያደገ፣ ኪታኖችን ሲዋጋ የኖረ፣ በቃሉ የታመነ ሰው ነው። በአንድ ስብሰባ ላይ ግን በትውልዱ ኪታን መሆኑ ተገለጠ። ከ30 ዓመት በፊት የቻይና ሰይፈኞች፣ ኪታኖች ሊዘርፉ ይመጣሉ የሚል የሐሰት ወሬ አምነው፣ በየንመን በር አድፍጠው ሰላማዊ ቤተ ሰብ ገደሉ፤ የተረፈው ሕፃን ቺያው ፈንግ ነበር። ትናንት አለቃ ያሉት ሰዎች ዛሬ ጠላት አሉት። ያሳደጉት ወላጆቹና መምህሩ ሲገደሉም ገዳዩ እርሱ ነው ተባለ፤ ኪታን ነውና ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም።

በዚህ ቦታ አንድ ትዕይንት አለ፤ ለባህል ተመራማሪ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ቺያው ፈንግ ወደ የንመን ሄዶ፣ የሶንግ ወታደሮች ያልታጠቁ ኪታኖችን ሲዘርፉ፣ ሴቶችን ማርከው ሲወስዱ አየ። ከልጅነቱ ጀምሮ ይህ የኪታኖች ግፍ ነው ሲባል ሰምቶ ነበር። በአንድ ሽማግሌ ኪታን ደረት ላይ የተነቀሰውን የተኵላ ራስ ሲያይ ደግሞ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በራሱ ደረት ላይ ያለው ምልክት እርሱ መሆኑን ተረዳ። ንቅሳቱ ወገኑን ነገረው፤ ዐይኑ ግን ግፍ ወገን እንደሌለው ነገረው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መማሩ የዚህ መጽሐፍ ታላቅነት ነው።

ቺያው ፈንግ፣ ከዚህ በኋላ በትውልድ ስሙ ሺያው ፈንግ፣ የወላጆቹን ደም ሊመልስ ተነሣ። የአድፋጮቹ መሪ ማን እንደ ነበር የምትነግረውን ሴት አገኘ፤ ሴቲቱም ስለ ገዛ ቂሟ ሌላ ሰው ጠቈመችበት። ያ ሰው ደግሞ የሚወዳት የአ ጁ አባት ነበር። አ ጁ አባቷን ለማዳን የእርሱን መልክ ለብሳ በሌሊት በቀጠሮው ቦታ ቆመች፤ ሺያው ፈንግም በገዛ እጁ መትቶ ገደላት። እዚህ ላይ ጉዎ ጂየን እናስታውስ። ጉዎ ጂየ ገዳዩን ፊት ለፊት አቁሞ ነገሩን ሰማ፣ ስለዚህ ማንንም ሳይገድል ዕዳውን ዘጋ። ሺያው ፈንግ ግን የአንዲት ምስክር ቃል ይዞ ደሙን ሊመልስ ሄደ። ሁለቱም የሚገዙበት የመመለስ ሥርዓት አንድ ነው፤ ልዩነቱ የመስማት ነው። ደራሲው ይህን በስብከት አላስተማረም፤ ያለ ምርመራ የሚመለስ ደም ወዴት እንደሚያደርስ በአንድ ሌሊት ሥራ አሳየ።

መጨረሻው የታወቀ ነው። የልያው ንጉሠ ነገሥት ሶንግን ውጋ ብሎ ሺያው ፈንግን አዘዘው፤ እምቢ ቢል አሰረው። የመሐላ ወንድሞቹ አስፈትተው ንጉሡን በየንመን በር ማረኩት፤ ሺያው ፈንግም በዕድሜው ሙሉ ጦር ወደ ሶንግ እንዳያሻግር አስማለውና ለቀቀው። ከዚያም፣ ኪታን ሆኖ ንጉሡን በማስገደዱ ራሱን በደለኛ ቈጥሮ፣ በተሰበረ ቀስት ራሱን ገደለ። አንዳንዶች ይህን ከጥያቄው መሸሽ ነው ሊሉ ይችላሉ። ነቀፌታው ባዶ አይደለም፤ ሞት ክርክርን ይዘጋልና። ለእኛ ግን ሞቱ የሚፈርደው በሺያው ፈንግ ላይ ሳይሆን በሁለቱ መንግሥታት ላይ ነው። ሁለት ሕዝብ ያዳነ ሰው በሁለቱ መካከል የሚቆምበት አንድ ክንድ መሬት አላገኘም። መጽሐፉ መጻፍ ከመጀመሩ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1962፣ ብዙ ሺህ ሰዎች ከጓንግዶንግ ወደ ሆንግ ኮንግ ሲሻገሩ፣ ባለሥልጣኖቹም ከድንበሩ ሲመልሷቸው፣ «ሚንግ ባው» በየቀኑ ይዘግብ ነበር። የድንበር በር ምን እንደ ሆነ ለጋዜጣው አንባቢ ማስረዳት አላስፈለገም።

፱

የመጨረሻው መጽሐፍ፣ ከ1969 እስከ 1972 የወጣው «አጋዘኑና ድስቱ»፣ ሰይፈኛ የሌለበት የሰይፈኞች ልብ ወለድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወይ ሺያውባው በያንግጆ በሴተኛ አዳሪዎች ቤት ተወለደ፤ ትግል አይችልም፣ ማንበብ አይችልም፣ የሚችለው መዋሸትና ቍማር ብቻ ነው። በአንድ በኩል የማንቹው ንጉሠ ነገሥት የካንግሺ ወዳጅ፣ በሌላ በኩል ማንቹዎችን ለማስወጣት የተማማለው ምሥጢራዊ ማኅበር ሹም ሆነ፤ ሁለቱንም ወደደ። መጽሐፉ ሲፈጸም እናቱን አባቴ ማን ነው ብሎ ጠየቃት። እርሷም በዚያ ዘመን የሚመጡት እንግዶች ሃን፣ ማንቹ፣ ሞንጎል፣ ሁይና ቲቤት እንደ ነበሩ፣ ማንኛው እንደ ሆነ ግን እንደማታውቅ ነገረችው።

ይህ እንደ ቀልድ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። እነዚህ አምስት ስሞች በ1912 የተመሠረተው የቻይና ሪፑብሊክ በአምስት ቀለም ሰንደቅ ዓላማው ላይ ያሰፈራቸው አምስት ሕዝቦች ናቸው። ወይ ሺያውባው እንግዲህ የሪፑብሊኩ ልጅ ነው፤ በመጀመሪያው መጽሐፍ ደም ከእንጀራ ይበልጣል ብሎ የፈረደው ደራሲ፣ በመጨረሻው የደምን ጥያቄ መልስ አልባ አደረገው። ይሁን እንጂ የእናቲቱን ንግግር እስከ መጨረሻው እናንብብ። ከባሕር ማዶ የመጣ ፈረንጅ ነበረ ወይ ብሎ ልጇ ቢጠይቃት ተቈጣች፤ እንዲህ ያለ ሰው ቢመጣ በመጥረጊያ አባርረው ነበር አለች። ደራሲው የወገንን አጥር አሰፋው እንጂ አላፈረሰውም። ሐያሲዎች ብዙውን ጊዜ ይህን መጽሐፍ ስለ ስፋቱ ሲያመሰግኑት፣ መጥረጊያውን ይረሱታል።

ሌላም የሚመር ነገር አለ። የሁለት ሕዝብ ልጅ የሆነው እውነተኛ ሰው ሞተ፤ የአምስት ሕዝብ ልጅ ሊሆን የሚችለው ሐሰተኛ ግን ሀብታም ሆኖ ከሰባት ሚስቶቹ ጋር ኖረ። ሺያ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ከሆነ፣ ደራሲው በመጨረሻ የነገረን፣ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው በሁለት ወገን መካከል ሊኖር እንደማይችል ነው።

፲

ጕድለቱንም ሳንናገር ብናልፍ ምርመራው ሙሉ አይሆንም። ታሪኮቹ በየቀኑ እየተቈረሱ ስለ ወጡ፣ በአጋጣሚ መገናኘት ይበዛባቸዋል፤ የሚፈለገው ሰው ሁሉ በሚፈለግበት ሰዓት በአንድ ማረፊያ ቤት ይገኛል። ደራሲው በ1965 ለጉዞ ሲሄድ ባልንጀራው ኒ ኳንግ በምትኩ ጽፎ፣ አንዲቱን ገጸ ባሕርይ ዐይነ ስውር አድርጎ ቈየው፤ ጂን ዮንግም በኋላ የተጨመረውን አብዛኛውን ሲያወጣ ዕውርነቷን ግን ትቶታል። ከዚህ የከበደው ጕድለት የሴቶቹ ነው። በትግል ከወንዶቹ አያንሱም፣ በብልሃት ይበልጧቸዋል፤ ነገር ግን የማን ወገን ነኝ የሚለው ታላቁ ጥያቄ ለእነርሱ አልተሰጠም። አ ጁ የሞተችው ሺያው ፈንግ እንዲማር ነው። እርሷ ራሷ ከወላጆቿ ተለይታ በሰው ቤት በገረድነት ያደገች፣ አባቷን ከብዙ ዘመን በኋላ ያወቀች ናት፤ ጥያቄው ከእርሱ ባላነሰ የእርሷም ነበር። ደራሲው ይህን በእጁ ይዞ ሳለ አላየውም።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ድርሰት የሚያነቡ ተማሪዎቻችን ሁለት ነገር እንዲያደርጉ እንመክራለን። በመጀመሪያ፣ መጽሐፉ ስለሚተርከው ዘመንና መጽሐፉ ስለ ተጻፈበት ዘመን ሁለት ልዩ ልዩ መዝገብ ይያዙ፤ አንዱን በሌላው ላይ አይጻፉ። ቀጥሎም፣ በአንድ ደራሲ ሥራ ውስጥ አንድ ዐይነት ሰው ተመልሶ ሲመጣ፣ ፍርዱ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እንዴት እንደ ተለወጠ ይከታተሉ። ያንግ ካንግ በ1950ዎቹ የተፈረደበት ነገር፣ በሺያው ፈንግ ላይ እንደ ገና ታይቶ ሌላ ፍርድ አግኝቷል። ሕዝብም እንደዚሁ ነው፤ ትናንት የዘጋውን ፋይል ዛሬ በልብ ወለድ ገጽ ላይ ሊከፍተው ይችላል። ባህልን የሚመረምር ሰው በዚያ ችሎት ተገኝቶ ማዳመጥ ሥራው ነው።